ጥቁሩ ገመድ የት ተያዘ?

አያቴን አልወደውም። ይህን ከወዲሁ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምተርከው ስለ ልጅነቴ ነው፤ በልጅነቴ ደግሞ ከእሱ አብልጬ የምወደው ፍጡር አልነበረም። ሞቷል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ እኔን ግን ያድርገኝ።

ቤታችን ባለ አንድ ፎቅ ነበር። ምድር ቤቱ የጥገና ሱቅ ነው፤ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ እንዲሁም ከየመሥሪያ ቤቱ ተጥለው የሚመጡ፣ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ የማያነሳቸው የድሮ ኮምፒውተሮች ይጠገኑበታል። ፎቁ ላይ አያቴ ብቻውን ይኖራል። ከሱቁ ጀርባ ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ የእናቴና የእኔ፣ ሌላው የታላቅ እህቷ፣ የአክስቴ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለነበር አክስቴ ስታስነጥስ እኛ ክፍል ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል። እናቴ «ይማርሽ» አትልም። ወደ እኔ ዞራ፣ «እንግዲህ መስኮት ከፍቶ መተኛት ነው» ትላለች። ከግድግዳው ወዲያ መልስ ይመጣል፦ «ለመስኮቴ ዘበኛ መቀጠሩን አልሰማሁም ነበር።»

ሁለቱ እህትማማቾች በቀጥታ አይነጋገሩም፤ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ሱቁ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው በካውያ እየበየዱ በእኔ በኩል ይላላካሉ።

«እናትሽን በያት፣ ካውያ ሰክቶ መሄድ ቤት ያቃጥላል» ትለኛለች አክስቴ።

እዞራለሁ። «እማ፣ ካውያ ሰክቶ መሄድ...»

«ሰምቻለሁ። አክስትሽን በያት፣ እዚህ ቤት የሚያቃጥለው ካውያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተመስገን ነበር።»

የሁለቱንም አደርሳለሁ። የቤት ሥራዬ እንደሆነ አምኜ ነበር። እንዲያውም ቃላቸውን ሳላጓድል በማድረሴ አያቴ፣ አባባ የምለው፣ ያሞግሰኛል፤ «የእኔ ፖስተኛ» ይለኛል።

ለምን እንደተጣሉ አላውቅም። የማውቀው እናቴ ልክ እንደሆነችና አክስቴ ክፉ እንደሆነች ነው። ማስረጃም ነበረኝ፤ አክስቴ ረጅም ናት፣ ጥፍሮቿን ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ታብለጨልጫቸዋለች፣ ስትስቅ ደግሞ ድምፅ የላትም። ለሕፃን ልጅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልጋትም።

ሰፈሩ አያቴን «መሐንዲሱ» ይለዋል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ካውያ አይጨብጥም። ፎቁ ላይ መስኮት ሥር ተቀምጦ ልጆቹን ተራ በተራ ያስጠራቸዋል፤ ጠዋት እናቴ ሻይ ይዛለት ትወጣለች፣ አመሻሽ ላይ አክስቴ። ሁለቱም «እርስዎ» ነው የሚሉት፤ የቱንም ያህል ቢቆጡ አንቱታውን ዘንግተው አያውቁም። «አንተ» እንድለው የተፈቀደልኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በዚያም እንደ ሹመት እኮራበት ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ ዕቃ ልትገዛ፣ አክስቴ የተጠገነ ሬዲዮ ልታደርስ እንደወጡ፣ አባባ የደረጃውን እጀታ ተደግፎ ወረደ።

«ነይ የእኔ ብልህ፣ ባትሪ ያዢልኝ» አለኝ።

ከሱቁ ጥግ እሱ ራሱ ከተዘጋ መሥሪያ ቤት ያመጣው ትልቅ ግራጫ ኮምፒውተር ነበር። ከመጣ ጀምሮ ከተኛበት ስላልተነቃነቀ «በሬው» እንለዋለን። ክዳኑን አነሳው፤ የአቧራና የአሮጌ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። የእጅ ባትሪውን አበራሁለት። ከቦርዱ ጥግ አንዲት ብሎን ፈታ፤ ከሥሯ ያለችውን የብረት ቀለበት አነሳ፤ ከዚያ ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አወጣና በክዳኗ ላይ ባለችው ብሩሽ ቀለበቷንም፣ የብሎኗን ጥርስም፣ ብሎኗ የምትገባበትን ቀዳዳም ቀባቸው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰ። እፍ እፍ አለበት። ሲደርቅ ብሎኗን መልሶ አሰራት። ሽታው አፍንጫ ይወጋል፤ ወዲያው አወቅኩት።

«የአክስቴ የጥፍር ቀለም አይደለም?»

«ነው። መድኃኒት ነው። ብረት ካልቀቡት ይዝጋል።»

«ልንገራት?»

«ተዪ! ታውቂያታለሽ እኮ፣ በአንዲት ጠብታ ቀለም ጦርነት ታስነሳለች። የእኔና የአንቺ ይሁን።»

የእኔና የአንቺ! ልቤ ቅቤ ጠጣ። አባባ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ የታመመ ማሽን ሲያክም እኔ ነኝ ያበራሁለት። አክስቴ በማግስቱ የጥፍር ቀለሟ ጎድሎ አግኝታ፣ «እዚህ ቤት ዕቃዬን የሚነካ እጅ አለ፤ በያት» ስትለኝ፣ እናቴ ደግሞ፣ «ጥፍር ለማሳመር ጊዜ ያላት እሷ ናት በያት» ስትል፣ እኔ ከንፈሬን ነክሼ ሁለቱንም አደረስኩ፤ ምስጢሩን ግን አልተነፈስኩም።

ከዚያ አባባ ሁለቱንም አንድ ላይ አስጠራቸው። ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የሚመሳሰል ጆሮ እንዳላቸው ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

«እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ» አለ። «ሱቅ ለሁለት አይከፈልም። በሬውን ያስነሳች ሱቁንም ቤቱንም ትወርሳለች። ያቃታት ጨርቄን ማቄን ሳትል ትውጣ። ጠዋት ታናሽየዋ ትሠራበታለች፣ ከሰዓት ታላቅየዋ። አብሮ መሥራት የለም፤ መመካከር የለም። ያገኛችሁትን ለእኔ ትነግሩኛላችሁ።»

እናቴ ወደ ክፍላችን ተመልሳ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ከዚህ ከወጣን የት እንገባለን?» አለች። የጠየቀችው እኔን አልነበረም። እኔ ግን መለስኩላት፤ «አንቺ ነሽ የምታሸንፊያት» አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአክስቴን ሽንፈት እንደ አዲስ ጫማ ስመኘው ነበር።

ያኔ የማላውቀውን አሁን ልጨምር። በዚያው ሰሞን አክስቴ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ጓዟን እየሸከፈች ነበር። ውድድሩ ሲታወጅ ሻንጣዋን መልሳ ፈታችው፤ ትታ መሄድ መሸነፍ መሰላት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። አያቴ አንደኛው ባላ ሊነቀልበት መሆኑን ሰምቶ ነበር።

እናቴ ጠዋት ጠዋት በሬው ላይ ስትሠራ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሲሰኩት ውስጡ ያለው ማራገቢያ ይዞራል፤ ከዚያ ግንባሩ ላይ ቀይ መብራት ይበራና እዚያው ይቀራል። ስክሪኑ ጨለማ ነው። እናቴ እግሮቿ ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ትንሽ ጥቁር ዕቃ በካውያዋ ጫፍ አሳየችኝ።

«ይቺ ኮምፓራተር ትባላለች። ዳኛ ናት። በአንድ እግሯ ከፓወሩ፣ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ክፍል፣ የሚመጣው ይገባል፣ በሌላው እግሯ መለኪያው። መለኪያው አይለወጥም። የመጣው ከመለኪያው ካነሰ፣ ማሽኑን ‹አትነሳ› ትለዋለች፤ ቀዩ መብራት እሱ ነው። ከበለጠ ትለቀዋለች።»

«ሌላስ ምን ታውቃለች?»

«ምንም። ማን እንደሚበልጥ ብቻ ነው የምታውቀው።»

«እንደ አባባ!» አልኩ በኩራት።

እናቴ ካውያውን አስቀመጠችና አየችኝ። ልትስቅ ነው ብዬ ጠበቅኳት፤ ግን አልሳቀችም።

ቴስተሯን፣ ቀይና ጥቁር ገመድ ያለውን የቮልት ማንበቢያ፣ አውጥታ ለካች። ቀዩን ገመድ አንዴ በአንዱ እግር፣ አንዴ በሌላው ታሳርፋለች። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ፓወሩ ልክ ነው፣ መለኪያው ግን ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል። ስለዚህ የመለኪያውን ክፍሎች አንድ በአንድ ነቅላ በአዲስ ተካቻቸው። ቀዩ መብራት እንደበራ ቀረ። ከሰዓት አክስቴ ስትለካ ደግሞ መለኪያው ልክ ነው፣ ያነሰው ፓወሩ ነው። እሷም የፓወሩን ኮንደንሰር፣ ያበጠውንም ያላበጠውንም፣ ሁሉንም ቀየረች። ቀዩ መብራት እንደበራ ነው። በማግስቱም እንደዚያው። የተነቀሉት ዕቃዎች በጣሳ ውስጥ ተከመሩ፤ የሁለቱ ጣቶች በካውያ ተጠባብሰው ነበር።

እኔ ከአባባ ወንበር ሥር ምንጣፉ ላይ ስለምጫወት የጠዋቱንም የአመሻሹንም ሪፖርት እሰማለሁ።

ጠዋት ለእናቴ፦ «እህትሽ መለኪያው ልክ ነው ብላለች። ‹ታናሺቱ ቁጥር ማንበብ ሳትማር ነው ካውያ የጨበጠችው› ነው የምትለው። እኔ አላልኩም፤ እሷ ናት።»

አመሻሽ ላይ ለአክስቴ፦ «ታናሽሽ ፓወሩ ልክ ነው ትላለች። ‹ዓይኗ ደክሟል፣ እርጅና ነው› አለችሽ። ምን ላድርግ፣ ያለችውን ነው የምነግርሽ።»

እናቴ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ ብላ ይሆናል አልኩ። አባባ በሁለቱ መካከል ሆኖ ሊያስታርቃቸው የሚደክም መሰለኝ። ምስኪን ሽማግሌ! ማስታረቅ እንዲህ ነው ብዬ ስላሰብኩ አሻንጉሊቶቼንም በዚሁ መንገድ አስታርቃቸው ነበር፤ ሁልጊዜ በፀጉር መጓተት ይጨርሱ ነበር።

አንድ አመሻሽ አክስቴ ከፎቅ ስትወርድ ፊቷ እንደ ግድግዳ ደርቆ ነበር። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። በኮምፔንሳቶው በኩል ስታለቅስ ሰማኋት፤ በመካከሉ፣ «መካን ትበለኝ? እሷ ትበለኝ?» አለች። ወደ እናቴ ሄጄ፣ «እማ፣ መካን ምንድን ነው?» ስል ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማን ነው ያለሽ?»

«አክስቴ።»

«ለልጄ እንዲህ ዓይነት ቃል ታስተምራለች!» ብላ ግድግዳውን በጡጫ መታችው። ከወዲያም በጡጫ መልስ መጣ። እኔ ቃሉ ስድብ መሆኑን አወቅኩ፤ ተሳዳቢዋ ደግሞ አክስቴ እንደሆነች እርግጠኛ ነበርኩ።

ነገሩ የፈነዳው ቀትር ላይ፣ ተራ በሚለዋወጡበት ሰዓት ነው። እናቴ አልጨረስኩም ብላ አልነሳ አለች። አክስቴ መጠበቅ አልቻለችም፤ ወንበር ስባ ከበሬው ወዲያ ማዶ ተቀመጠችና የራሷን ቴስተር ሰካች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ቴስተር በአንድ ጊዜ፣ ሁለት ቀይ ገመድ በዳኛዋ አንዲት እግር ላይ አረፈ። ሁለቱም ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ተናገሩ። ቁጥሮቹ አልተገናኙም።

«ቴስተሯ አርጅቷል በያት» አለች እናቴ።

«ይቀያየር በያት» አለች አክስቴ።

ቴስተሮቹን ተቀያየሩ። እናቴ በአክስቴ ቴስተር ለካች፤ ያው የራሷን ቁጥር አገኘች። አክስቴም በእናቴ ቴስተር የራሷን።  የማራገቢያው ሽውታ ብቻ ይሰማል።

አክስቴ ቀስ ብላ፣ «እናትሽን ጠይቂያት፣ ጥቁሩን ገመድ የት ነው የያዘችው?» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ቦርዱ ላይ ነዋ! ሰው ሁሉ እንደሚይዘው!»

«ሰው ሁሉ የሚይዘው የሣጥኑ ብረት ላይ ነው በያት። አባባ እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ።»

«እኔን ያስተማሩኝ ቦርዱ ላይ ነው!»

ይህን ለማድረስ አፌን ስከፍት አክስቴ እጇን አንስታ አስቆመችኝና፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ እህቷን በቀጥታ አየቻት። «አሳዪኝ» አለቻት።

አሁን እኔ በዚሁ ሙያ ስለምኖር ልንገራችሁ። ቀዩ ገመድ የምትለኩትን ይነካል፤ ጥቁሩ የምትጀምሩበትን ይይዛል። የሰው ቁመት እንደመለካት ነው፤ አንዷ ከወለሉ ጀምራ ትለካለች፣ ሌላዋ ሰውየው ከቆመበት በርጩማ ላይ። የማሽኑ ብረትና የቦርዱ ግራውንድ፣ ማለትም የዜሮ መነሻው፣ አንድ መሆን ነበረባቸው፤ ሁለቱን አንድ የምታደርጋቸው ያቺ የጥግ ብሎን ናት። እሷ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ቀለም ስለተቀባች መለኪያው ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ከፍ ብሎ ቀርቶ ነበር። እናቴ አልዋሸችም፤ አክስቴም አልዋሸችም። የሁለቱ ቁጥር ልዩነት ራሱ ብልሽቱ ነበር፤ ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ያዩት ነበር። አያቴ ይህን ያውቃል። አንዷን አንድ ቦታ፣ ሌላዋን ሌላ ቦታ እንድትይዝ ያስተማራቸው ገና ልጆች ሳሉ፣ ለየብቻ ነው።

አክስቴ ጥቁሩን ብረቱ ላይ፣ ቀዩን ቦርዱ ላይ አሳረፈች። ዜሮ መሆን ነበረበት፤ አልሆነም። ሁለቱም ጎንበስ አሉ፤ ራሳቸው ሊጋጭ ምንም አልቀረውም። እናቴ ብሎኗን ፈታች። አክስቴ ቀለበቷን በጥፍሯ ፋቀቻትና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት።

«የጥፍር ቀለሜ ነው» አለች።

«የጥፍር ቀለምሽ ነዋ! እኔን ለማባረር! ከነልጄ ጎዳና ልትጥይኝ!»

«እኔ? ጠርሙሴን የሰረቅሽው አንቺ! በእኔ ላይ ልታሳብቢ!»

እናቴ ብሎኗን የፈታችበትን ካቻቢቴ እንደ ጩቤ ጨብጣዋለች። አክስቴ ወንበሩን በእግሯ ገፍታ ጣለችው። ሊገዳደሉ ነው ብዬ አመንኩ፤ እናቴን ማዳን ነበረብኝ። ስለዚህ ጮህኩ፦

«እማ አይደለችም! አባባ ነው! መድኃኒት ነው የቀባው፣ እንዳይዝግ! እኔ ነኝ ባትሪ የያዝኩለት!»

ይህን ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር። እንግዲህ አባባ ምን ያህል ደግ እንደሆነ ያውቁታል አልኩ።

 እናቴ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አክስቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታጥፍ አየኋት።

«መካን ብለሽኛል ተብዬ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ወርዶ።

«እኔ? በልጄ እምላለሁ፣ ከአፌ አልወጣም! አንቺ ነሽ ባሌን ‹ይህችን ይዘህ ምን ትሠራለህ› ብለሽ ያባረርሽው ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«አባባ ናቸዋ። አንቺንስ?»

«አባባ ናቸው።»

እንዲህ እየተባባሉ ቆዩ። አንዷ አንድ ነገር ታወጣለች፣ ሌላዋ የራሷን አጠገቡ ታስቀምጣለች። ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ አለመጣላታቸው ብቻ ነበር፤ እሱም ከጠብ የበለጠ አስፈራኝ። ከዚያ ሁለቱም ደረጃውን ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

ያየሁትን እንዳየሁት ልንገር፤ ሁለት ጎልማሳ ሴቶች በአንድ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ላይ ቆመው ይጮሁበታል። አባባ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ ይስባል። «ለእናንተው ብዬ ነው» ይላል። «ባላወዳድራችሁ ኖሮ ሁለታችሁም ብሎን ከሚስማር አትለዩም ነበር!»

«በሁለት ቢላዋ ስትበላ ኖርክ!» አለች አክስቴ። «አንተ! አንተ እኮ አባታችን ነህ!»

አንተ። የእኔን ቃል ወሰደችብኝ። እኔ በፍቅር የምለውን እሷ እንደ ድንጋይ ወረወረችው። አባባ አለቀሰ። ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩና፣ «ተዉት! እናንተ ክፉዎች!» እያልኩ ሁለቱንም በእግሬ መታኋቸው። እናቴን እስከዚያ ቀን ድረስ ጠልቻት አላውቅም ነበር።

ዛሬ ያንን ለቅሶ ሳስታውሰው የሚያበሳጨኝ፣ በለቅሶው መካከል ዓይኑ ከአንዷ ወደ ሌላዋ መመላለሱ ነው። የትኛዋ ቀድማ እንደምትራራለት እያየ ነበር። ይህን ያኔም አይቼዋለሁ፤ የፈራ መስሎኝ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ብሎኗንና ቀለበቷን አፀዱ፣ ቀዳዳውንም ፋቁ፣ አጠበቋት። አክስቴ ማሽኑን አበራችው። ቀዩ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነጥብ መጣችና ትርግብ ትርግብ ማለት ጀመረች። በሬው ተነሳ። ማንም አልተደሰተም። ዕቃቸውን ለቅመው፣ ማሽኑን እንደበራ ትተውት፣ አብረው ሊወጡ ተነሱ። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጎን ጠባብ ሱቅ ተከራዩ። ውርሱን የጠየቀ አልነበረም።

ጓዛችን ጋሪ ላይ ሲጫን እኔ አባባን ልሰናበተው ወጣሁ። ወንበሩ ላይ ነው። እንባው ደርቋል።

«ማንኛዋ ናት ያገኘችው?» አለኝ።

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም የሚባል የለም። ማንኛዋ ቀደመች?»

ሊያዝንብኝ ነው ብዬ፣ «እማ» አልኩት።

«አውቄዋለሁ» ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ከኪሱ አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ አወጣ፤ እጀታዋ እንደ ማር ቢጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አጠፈልኝ። «ከአንቺ በቀር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። አንቺ ከሁለቱም ትበልጫለሽ። እንዳትነግሪያቸው፤ ይቀኑብሻል።»

ካልሲዬ ውስጥ ደብቄያት ወጣሁ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የልጅነቴ ጣፋጭ ነገር ነበረች። እናቴ ስትቆጣኝ እሷን አስታውሳለሁ፤ አክስቴ ብየዳ ስታስተምረኝ፣ «እበልጥሻለሁ እኮ» እላለሁ በልቤ። በዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ እየተነጋገሩ፣ እየተሳሳቁ፣ አንዳንዴም እንደ ሰው በቀጥታ እየተሰዳደቡ ሲሠሩ፣ እኔ በአንዲት ካቻቢቴ ምክንያት ከሁለቱም ርቄ አደግኩ።

አያቴ የሞተ ሰሞን ነው ነገሩ የወጣው። ሦስታችንም ከቀብር መልስ ሱቁን ከፍተን ነበር፤ ቤት መቀመጥ አልሆነልንም። የታመመ ቦርድ ልፈታ መሳቢያዬን ከፍቼ ቢጫዋን ካቻቢቴ አወጣሁ። ሁልጊዜ እነሱ ሲወጡ ብቻ ነበር የምጠቀምባት፤ ያን ቀን ግን ዘነጋሁ።

አክስቴ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። «ይህቺን ከየት አመጣሻት?»

«አባባ ነው የሰጠኝ። የወጣን ዕለት።»

«ምን ብሎ?»

ትልቅ ሰው ነኝ፣ የራሴ ልጅ አለችኝ፤ ሆኖም ለመናገር አፈርኩ። «ከሁለታችሁም እንደምበልጥ። ከእኔ በቀር ለማንም እንዳልሰጠ።»

አክስቴ ተነሳች። ከመደርደሪያው የብስኩት ቆርቆሮዋን አወረደችና ከአሮጌ ብሎኖች መካከል ቢጫ ካቻቢቴ አወጣች፤ እጀታዋ ተሰንጥቆ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። እናቴ እጇን ወደ ሽርጧ ኪስ ሰደደችና ሦስተኛዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። በዚያች ኪስ ውስጥ ዕድሜ ልኳን ይዛት ነበር።

«ከእህትሽ ትበልጫለሽ አለኝ» አለች እናቴ። «ያኔ አንቺን የማክል ልጅ ሳለሁ።»

«እኔን ደግሞ አንቺ የተወለድሽ ሳምንት» አለቻት አክስቴ ወደ እናቴ ዞራ። ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መጨረሻው ላይ ሳቅ አልነበረም።

ሦስቱ ካቻቢቴዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርስ ይያያሉ። እኔ ደግሞ፣ ሁሉን ነገር አውቄ፣ ሁሉን ነገር ገብቶኝ፣ ዓይኔ ወደ ጠረጴዛው ወርዶ የትኛው እንደሚረዝም ሲለካ ያዝኩት።

አልወደውም ያልኩት ለዚህ ነው።